የተራቆተውን የሰሜን ባሕር ዳርቻ በአነስተኛ ወጪ መልሶ ማልማት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በሰሜን አትላንቲክ፣ በባልቲክና በሰሜን ፓስፊክ ዳርቻዎች በባሕር ሥነ-ምህዳር ላይ ስለደረሰው ጉዳትና ስለ መፍትሔው ከአንባቢያን የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ ዕትም በአንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የባሕር ሣር መትከል፣ ኦይስተር የሚባለው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ የሚያድግበትን መደብ መሥራት፣ ቋጥኝ ወደ ባሕር መጣል እየተባለ ብዙ ዘዴ ሲጠቀስ አነባለሁ። በሔክታር ሲሰላ ከሁሉም ርካሹ የትኛው ነው?

መልስ፦ «በሔክታር ስንት?» የሚለው መለኪያ ብቻውን ሲወሰድ ያሳስታል። በ2016 የታተመና በዓለም ዙሪያ የተካሄዱ ሥራዎችን ያሰባሰበ አንድ ጥናት የእያንዳንዱን ሥራ የሔክታር ወጪ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረድር፣ መሐል ላይ የዋለው ወደ 80,000 የአሜሪካ ዶላር ሆኖ ተገኝቷል፤ አማካዩ ግን 1.6 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ይህን ያህል የተራራቁት ጥቂት እጅግ ውድ ሥራዎች አማካዩን ወደ ላይ ስለጎተቱት ነው። በዚያው ጥናት በባሕር ሣር ሥራዎች ላይ ከተተከለው በሕይወት የተረፈው 38 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሊሰላ የሚገባው ከዓመታት በኋላ በሕይወት ተርፎ የተገኘው ሔክታር እንጂ በተከላው ዕለት የተሸፈነው ሔክታር አይደለም። በዚህ ስሌት ሲታይ በርካሽ ተተክሎ በመጀመሪያው ክረምት ያለቀ ሣር ከሁሉም ውድ ሆኖ ያርፈዋል።

ቀጥተኛ መልስ ከፈለጉ፣ ርካሹ መንገድ ምንም ሳይተክሉ ጉዳት አድራሹን ማስቆም ነው። በዴንማርክና በስዊድን መካከል ባለው የኧረሰንድ ሰርጥ ወለሉን እየጠረገ የሚጎተተው የትሮል መረብ ከ1932 ጀምሮ የተከለከለ ነው። የተከለከለውም ለዓሣው ታስቦ ሳይሆን የመርከቦች መተላለፊያ እንዳይታወክ ነበር። ይሁን እንጂ በሰርጡ ውስጥ ያለው ኮድ ዓሣ ትሮል እንደ ልብ ሲጎተትበት ከኖረው ከአጎራባቹ የካተጋት ባሕር ኮድ ይልቅ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በብዛትም በግዝፈትም በልጦ ቆይቷል። ማንም ሳያቅደው የተገኘ ውጤት መሆኑ ማስረጃነቱን ይበልጥ ያጠነክረዋል።

በስኮትላንድ የአራን ደሴት ነዋሪዎች ደግሞ ለዓመታት ከወተወቱ በኋላ በላምላሽ ወሽመጥ ውስጥ 2.67 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ክልል በ2008 ከማንኛውም ዓይነት ማጥመድ ነፃ እንዲሆን አስደርገዋል። ስካሎፕ የሚባለው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ጫጩቶች ጥቃቅን ሳሉ በባሕር አልጌና ወለሉ ላይ ተጣብቀው በሚያድጉ ሌሎች ፍጥረታት ላይ ተንጠልጥለው ነው የሚኖሩት፤ የብረት ጥርስ ያለው መጎተቻ እነዚህን ሲነቅል ጫጩቶቹ መያዣ ያጣሉ። ክልሉ ከተዘጋ በኋላ ወለሉ መልሶ ሲለብስ የስካሎፕ ጫጩቶቹ ቁጥር ከአካባቢው በልጦ ታይቷል፤ ትልልቆቹም ስካሎፖችና ሎብስተሮች እየበረከቱ ሄደዋል። ለዚህ ውጤት አንድም ጫጩት በገንዘብ ተገዝቶ አልተለቀቀም።

ይህ መንገድ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። በእንግሊዝ የሰሴክስ ዳርቻ ኬልፕ የሚባለው ግዙፍ ቡናማ አልጌ የባሕር ውስጥ ደን ሠርቶ ይኖር ነበር። በ1987 ከባድ ማዕበል ከቀጠቀጠው በኋላ ትሮሉ እንዳያገግም ስላደረገው ከ96 በመቶ በላይ የሚሆነው ጠፍቷል። በ2021 ከ300 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ለትሮል የተዘጋ ቢሆንም፣ ቀድሞ የታየው የመስል ዛጎሎች መደብ መመለስ ነው፤ ኬልፑ ራሱ ቀስ እያለ ነው። ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። ባሕር ሲዘጋ የሚከፍለው ዓሣ አጥማጁ ስለሆነ፣ ወጪው በመንግሥት መዝገብ ላይ ሳይታይ ይቀርና ሥራው ከእውነታው በላይ ርካሽ መስሎ ይታያል። ካሳና ጥበቃ በበጀቱ ውስጥ ያልገቡበት ክልከላ ደግሞ በወረቀት ላይ የሚቀር ነው።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌን የማዘጋጀው ዞስቴራ ስለሚባለው የሰሜን ባሕር ሣር ነው። ግማሹ ዘር መዝራት ይሻላል ይላል፣ ግማሹ ቡቃያ መትከል። በአሜሪካዋ ቨርጂንያ ያ ሁሉ ውጤት ሲገኝ በስዊድን ሥራው ለምን ይህን ያህል ውድ ሆነ?

መልስ፦ ሁለቱን ቦታዎች ጎን ለጎን ማየትዎ ጥሩ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ከቴክኒኩ ይልቅ በባሕሩ ላይ ነውና። በ1930ዎቹ መጀመሪያ አንድ በሽታ በአትላንቲክ ግራና ቀኝ የነበረውን ዞስቴራ ፈጀው፤ በቨርጂንያ ወሽመጦች የተረፈውን ደግሞ በ1933 የመጣ ሐሪኬን ጠራረገው። ከዚያ በኋላ ሣሩ ለሰባ ዓመታት ያህል ሳይመለስ ቀረ። ይሁንና የወሽመጦቹ ውኃ ጥሩ ነበር፤ የጎደለው ዘር ብቻ ነው፤ ዘር ሊያመጣ የሚችል የሣር መስክ በአቅራቢያው ስላልነበረ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ሥራው ሲጀመር ተመራማሪዎችና በጎ ፈቃደኞች በፀደይ ያፈሩትን ቅርንጫፎች እየሰበሰቡ፣ ዘሩ በገንዳ ውኃ ውስጥ እስኪረግፍ አቆይተው፣ በመጸው ከጀልባ ላይ ይበትኑት ነበር። በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ ከ70 ሚሊዮን በላይ ዘር ከ200 ሔክታር በሚበልጡ መደቦች ላይ ተዘራ፤ ሣሩ ግን ራሱ እየዘራ፣ ራሱ እየተስፋፋ በ2018 ወደ 3,600 ሔክታር ደርሷል። ወጪው የወጣው ለመጀመሪያዎቹ መደቦች ነው፤ የቀረውን ባሕሩ በነፃ ሠራው።

በስዊድን ምዕራባዊ ዳርቻ በቡሁስሌን ያለው ሁኔታ የተለየ ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ በዚያ አካባቢ ከነበረው ዞስቴራ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጠፍቷል። ምክንያቱ ከእርሻና ከከተማ ፍሳሽ የሚመጣው ንጥረ ነገር ያፋፋው ፈጣን አልጌ እና ትልልቅ ዓሦች በመጠመዳቸው የተናጋው የምግብ ሰንሰለት ነው። ችግሩ ግን በዚህ አያበቃም። ሣሩ ሥሩን ሰድዶ ይዞት የነበረው ደለል ሣሩ ሲጠፋ በነፋስና በሞገድ እየተነሣ ውኃውን ያደፈርሰዋል፤ የደፈረሰ ውኃ ደግሞ ብርሃን ስለማያሳልፍ አዲስ ቡቃያ አያድግበትም። በዚህ ምክንያት ፍሳሹ ከቀነሰ በኋላ እንኳ ሣሩ ያልተመለሰባቸው ቦታዎች አሉ። ዘር ቢበተን ሸርጣን ይበላዋል ወይም ማዕበል ይወስደዋል፤ ስለዚህ በዚያ ዳርቻ የታመነው ዘዴ ጠላቂዎች ከጤነኛ መስክ ቡቃያ አንድ በአንድ እየነቀሉ በእጅ መትከላቸው ነው። በካሬ ሜትር 16 ቡቃያ ቢታሰብ ለአንድ ሔክታር 160,000 ጊዜ እጅን ወደ ጭቃ መስደድ ማለት ነው። የአንድ ሔክታር ጠቅላላ ወጪ ከ1.2 እስከ 2.5 ሚሊዮን የስዊድን ክሮነር እንደሚደርስ መገመቱ በዚህ የተነሣ ነው። ውኃው እጅግ በሚደፈርስበት ቦታ ወለሉን አስቀድሞ በአሸዋ መሸፈንም ተሞክሯል፤ ይህም ቡቃያውን ይረዳል፣ ወጪውን ግን የበለጠ ያንረዋል።

በኔዘርላንድስ ቫደን ባሕር የተሠራው ደግሞ ለእጅ ጥበብ ቦታ ያለው ነው። ባሕሩ ሲጎድል በሚገለጠው የጭቃ ሜዳ ላይ የተበተነ ዘር በሚቀጥለው ሙላት ስለሚታጠብ፣ ባለሙያዎቹ ዘሩን ከጭቃ ጋር ለውሰው ግንበኞች የመስኮት ዳር ሲሊኮን በሚገፉበት መሣሪያ ውስጥ ሞሉትና ሰልፍ ይዘው እየሄዱ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ወደ መሬት ወጉት። ምንም ጠላቂ አያስፈልግም፣ መሣሪያውም ከማንኛውም የግንባታ ዕቃ መደብር የሚገኝ ነው።

ስለዚህ ለጽሑፍዎ የማቀርብልዎ ሐሳብ ይህ ነው። ውኃው ጥርት ያለ ሆኖ ዘር ብቻ የጎደለበት ቦታ ዘር ይዝሩ፤ ሸርጣንና ሞገድ የሚበረታበት ቦታ ዘሩን ይቅበሩ ወይም ቡቃያ ይትከሉ፤ ብርሃን የማይደርስበት ቦታ ግን ምንም አይትከሉ። በ1,786 የባሕር ሣር ተከላዎች ላይ የተደረገ ዓለም አቀፍ ግምገማ፣ የተከላው ስፋት በጨመረ ቁጥር የመትረፍ ዕድሉ እንደሚጨምር አሳይቷል፤ ብዙ ቡቃያ ሲሆን ደለሉን ይይዛል፣ ሞገዱን ያበርዳል፣ እርስ በርሱም ይደጋገፋል። ይህ ግኝት በጀትን ቆራርሶ በየወሽመጡ ጥቂት ጥቂት የሚተክለውን የተለመደ አሠራር ይቃወማል። በእኔ ግምት ብዙ ገንዘብ የባከነው በዚሁ አሠራር ነው፤ ለሪፖርት የሚያምር ረጅም የቦታዎች ዝርዝር ያስገኛልና።

ጥያቄ፦ የባሕር ጃርት የሚባለው እሾሃማ ትንሽ እንስሳ የኬልፕ ደን እየበላ ወለሉን ባዶ ካስቀረው፣ ጃርቱን ሰብስቦ ለምግብ መሸጥ ወጪውን አይሸፍንም?

መልስ፦ ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ አንድ እክል ግን አለበት። የሚሸጠው በጃርቱ ሆድ ውስጥ ያለው ቢጫ የመራቢያ ክፍል ነው። ደኑን በልቶ የጨረሰ ጃርት ሲርበው ይህን ክፍል እየመጠጠ ለዓመታት መቆየት ይችላል፤ ሲከፈት ውስጡ ባዶ ስለሚሆን ገዢ የለውም። ጃርት አዳኝ የሆነው ኦተር የሚባለው አጥቢ የባሕር እንስሳም እንዲህ ባለው ባዶ ጃርት ላይ አይደክምም። ጃርቱን አውጥቶ በገንዳ እየመገቡ አወፍሮ መሸጥ ይቻላል፤ የጃርቱ ዋጋ የምግቡንና የጠላቂውን ወጪ መሸፈኑ ግን በየገበያው የሚለያይ ነው።

ጃርትን በመዶሻ መፍጨትም ሆነ፣ በሰሜን ኖርዌይ በፖርሳንገር ፊዮርድ እንደተሞከረው፣ ኖራ በትኖ መግደል ውጤት አለው። ቁም ነገሩ ያለው በመጠኑ ላይ ነው። ጤነኛ የኬልፕ ደን ብዙ ጃርት ችሎ ሊቆም ይችላል፤ አንዴ ከተራቆተ በኋላ ግን ጥቂት ጃርት ብቻ ቢቀር እንኳ የሚበቅለውን ለጋ ኬልፕ እየለቀመ እንዳይነሣ ያደርገዋል። በዚህም ምክንያት ግማሹን ጃርት ለማስወገድ የወጣ ገንዘብ ግማሽ ደን አያስገኝም፤ ምንም ላያስገኝ ይችላል። አቅም ውስን ከሆነ በአንድ ትንሽ ወሽመጥ ጃርቱን እስከ መጨረሻው ማጽዳትና በየዓመቱ መመለስ ይሻላል።

አዳኝ ባለበት ቦታ ሥራውን አዳኝ ይሠራዋል። ከ1969 እስከ 1972 ባሉት ዓመታት 89 የባሕር ኦተሮች ከአላስካ ወደ ካናዳዋ ቫንኩቨር ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ ተወስደው ተለቀቁ፤ ኦተሮቹ ጃርቱን እየበሉ በተስፋፉበት ሁሉ ኬልፑ ተከትሏቸዋል። ከዚህ የረከሰ ሥራ ማሰብ ያስቸግራል፤ ሆኖም ኦተሮቹ የዳርቻው ነባር ሕዝቦች የሚተዳደሩባቸውን ዛጎሎችና ሸርጣኖችም ስለሚበሉ፣ ወጪው በሌላ በኩል በእነዚህ ሕዝቦች ላይ ወድቋል። በሰሜን ካሊፎርኒያ በተቃራኒው፣ ጃርት አዳኝ የሆነው ባለብዙ ክንድ የባሕር ኮከብ ከ2013 ጀምሮ በወረርሽኝ አለቀ፤ ከ2014 እስከ 2016 የባሕር ሙቀት ማዕበል ተጨመረበትና ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው የኬልፕ ደን ጠፋ። በኖርዌይ መካከለኛ ዳርቻ ደግሞ ከ1970 ገደማ ጀምሮ የተራቆተው ደን ከ1990ዎቹ ወዲህ ከደቡብ ወደ ሰሜን እየተመለሰ ነው፤ ውኃው በመሞቁ የጃርት እጭ ቀንሷል፣ የጃርት ግልገል የሚበላው ሸርጣንም ወደ ሰሜን ተስፋፍቷል።

ጃርት ሳይሆን የዘር እጦት ችግር በሆነበት ቦታ ኖርዌይ ውስጥ የተሞከረው «አረንጓዴ ጠጠር» የሚባለው ዘዴ ትኩረት ይገባዋል። የኬልፕ ዘር በላቦራቶሪ ገንዳ ውስጥ በተራ ጠጠር ላይ ተጣብቆ ጥቂት ሴንቲ ሜትር እስኪያድግ ይጠበቃል፤ ከዚያም ጠጠሩ ከጀልባ ላይ እንዲሁ ይጣላል። የተከላን ወጪ የሚያንረው የጠላቂ ቀን አበል በመሆኑ፣ ያለ ጠላቂ የሚሠራ ዘዴ ሁሉ መሞከር ይገባዋል። ማዕበል በሚበረታበት ዳርቻ ግን ጠጠሩ ስለሚንከባለል ለጋው ኬልፕ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ኦይስተር ውኃ ያጣራል ይባላል። ኦይስተር በመልቀቅ ብቻ የቆሸሸ ባሕር ማጽዳት ይቻላል?

መልስ፦ በማጣራቱ ላይ ክርክር የለም፤ ቆሻሻው ግን መምጣቱን ካላቆመ አይበቃም። በ1883 የታተመ የዓሣ አጥማጆች ካርታ በሰሜን ባሕር ወለል ላይ ከ20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የኦይስተር መደብ ያሳያል፤ ዛሬ ከዚያ የቀረ የለም ማለት ይቻላል። በስኮትላንድ ዶርኖክ ወሽመጥ ከ2017 ጀምሮ ጠፍጣፋው የአውሮፓ ኦይስተር እየተመለሰ ነው፤ የተጀመረውም በ300 ኦይስተሮች ነበር፤ በሕይወት መቆየታቸው ከታየ በኋላ ነው ቁጥሩ ወደ ሺዎች ያደገው። ይህን ቅደም ተከተል ሌሎችም ቢከተሉት ይጠቅማቸዋል። በአሜሪካዋ ሜሪላንድ ሃሪስ ክሪክ ከ140 ሔክታር በላይ በሆነ ቦታ ላይ ከሁለት ቢሊዮን በላይ የኦይስተር ጫጩቶች ተለቅቀዋል፤ ይህ ግን በብዙ አሥር ሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ሥራ ስለሆነ በ«አነስተኛ ወጪ» ስም ሊጠራ አይገባውም። ቦናሚያ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ የአውሮፓውን ኦይስተር ስለሚገድል፣ በርካሽ ተገኘ ተብሎ ሳይመረመር ከሌላ ወሽመጥ የሚመጣ ኦይስተር ጤነኛውንም ሊያስጨርስ ይችላል። ጨዋማነቱ ዝቅተኛ በሆነው በአብዛኛው የባልቲክ ክፍል ደግሞ ኦይስተር ጨርሶ አይኖርም።

ጥያቄ፦ የጠፉ መረቦችን ከባሕር ማውጣት ዋጋ አለው?

መልስ፦ አለው፤ ባለቤቱ የጣለው መረብ ለዓመታት ማጥመዱን ይቀጥላልና። ኖርዌይ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በየዓመቱ መርከብ እያሰማራች የጠፉ መረቦችን ታወጣለች፤ ሥራውን ርካሽ ያደረገው ግን መረብ የጠፋበት አጥማጅ ቦታውን እንዲያሳውቅ ሕግ የሚያስገድደው መሆኑ ነው። ቦታው ሳይታወቅ ባሕር መፈተሽ ነዳጅ ማቃጠል ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘቡ ውስን ከሆነ በባሕሩ ላይ ይዋል ወይስ በየብሱ ላይ?

መልስ፦ ለአብዛኞቹ የተዘጉና ጥልቀት የሌላቸው ወሽመጦች በየብሱ ላይ። ዴንማርክ ከ1987 ጀምሮ ባወጣቻቸው ዕቅዶች ወደ ባሕር የሚገባውን ናይትሮጅን በግማሽ ገደማ ቀንሳለች፤ የባሕር ሣሯ ግን በዚያው ልክ አልተመለሰም፤ ስለዚህ የፍሳሽ ቅነሳ ብቻውን ሁልጊዜ ይበቃል ማለት አይደለም። በስቶክሆልም አቅራቢያ በቢየርኔፊየርደን ወሽመጥ የተሠራው ሁለቱን ያጣመረ ነው። በአንድ በኩል የየቤቱ የፍሳሽ ማስወገጃና የእርሻው ሁኔታ እንዲሻሻል ተደረገ፤ በሌላ በኩል በ2012 እና በ2013 በጋ አሉሚኒየም ወደ ደለሉ ገብቶ፣ ለዘመናት ተከማችቶ የነበረው ፎስፈረስ እንደገና ወደ ውኃው እንዳይለቀቅ አሰረው። ፎስፈረሱ ከየብስ መምጣቱ ሳይቆም አሉሚኒየሙ ብቻ ቢጨመር ኖሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መድገም ግድ ይሆን ነበር።

በዚህ ረገድ እጅግ የማደንቀው በጃፓን ሆካይዶ ደሴት የኤሪሞ ርእሰ ምድር ነዋሪዎች የሠሩትን ነው። ሰፋሪዎች ደኑን ለማገዶና ለግጦሽ ጨርሰውት ስለነበር ነፋሱ ቀዩን አፈር እያነሣ ወደ ባሕር ይነዳው ነበር፤ አፈሩም ኮምቡ የሚባለውን ለምግብ የሚሆን የኬልፕ ዓይነት አበላሸው፣ ዓሣውንም አራቀው። በ1953 ዓሣ አጥማጆቹ ከደን መሥሪያ ቤት ጋር ሆነው መሬቱን ሣር ማልበስ ጀመሩ። የዘሩት ሁሉ በነፋስ ሲጠረግባቸው፣ ማዕበል ወደ ዳር የሚተፋውን የማይሸጥ የባሕር አልጌ ተሸክመው በዘሩ ላይ አለበሱት፤ እርጥቡ አልጌ ዘሩን ይዞ አቆየው፣ ሲበሰብስም ማዳበሪያ ሆነው። እስከ 1970 ድረስ 192 ሔክታር ሣር ለበሰ፤ ከዚያም ጥድ ተተከለበት። ውኃው እየጠራ ሲሄድ ኮምቡውም ዓሣውም ተመለሱ። ዋናው ግብዓት ማንም የማይፈልገው የዳርቻ ጥራጊ እና የራሳቸው ጉልበት ነበር።

ጥያቄ፦ የአንድ የባሕር ዳርቻ መንደር ማኅበር ጥቂት ገንዘብና ብዙ በጎ ፈቃደኛ ቢኖረው በመጀመሪያው ዓመት ምን ያድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያው ዓመት በሰፊው መትከል አያስፈልግም። ባሕሩ የተራቆተበትን ምክንያት ከአሮጌ ዓሣ አጥማጆች፣ ከድሮ ካርታዎችና ከአየር ፎቶግራፎች ያጣሩ፤ ምክንያቱ አሁንም እየሠራ ከሆነ ገንዘቡ በእርሱ ላይ ይዋል። ለባሕር ሣር ከታሰበ ብርሃን መዝጋቢ መሣሪያ በታሰበው ጥልቀት ላይ አስቀምጠው አንድ ሙሉ የዕድገት ወቅት ይከታተሉ፤ ከላይ ከሚያርፈው ብርሃን ሩብ ያህሉ ወደ ወለሉ ካልደረሰ ቦታውን ወደ ጥልቀት የለሹ ክፍል ያዛውሩት። የመትከያ ፈቃድ በብዙ አገሮች ወራት ስለሚወስድ ማመልከቻው በዚሁ ጊዜ ይግባ። ከዚያ በኋላ ጥቂት የሙከራ መደቦች በተለያዩ ቦታዎች ይተከሉ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብም ምንም ያልተተከለበት ማነጻጸሪያ ይከለል፤ ያለ እርሱ ለውጡ ከእናንተ ሥራ ይሁን ወይም ባሕሩ በራሱ ያመጣው ይሁን መለየት አይቻልም። ለክትትል የሚውለውን ገንዘብ ከመነሻው ለይተው ያስቀምጡ፤ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው እርሱ ነውና። የሙከራው ቡቃያ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ካሳለፈ በኋላ የተረፈውን ቆጥረው፣ በተሻለው ቦታ ላይ ብቻ ቀሪውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ያውሉ።